መቁረጫ

ሱቄ ምድር ቤት ነው፣ ከብሎኩ ሥር ጥጉ፤
አንድ ፎቶኮፒ ከነማሳል ወጉ፣
አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ወረቀት መቁረጫ፣
ለጉርድ ፎቶ መከርከሚያ፣ ለፎርም ጠርዝ መላጫ።
ቱሉ ዲምቱ ነው ሰፈሩ፣ ከተማ የሚያልቅበት፣
አውቶቡስ ፊቱን አዙሮ ወደ መሐል የሚሸሽበት።

ውጤት የወጣ ሰሞን
ደጄ ይሰለፋል ልጅ ከነቤተሰቡ፣
ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር የሚቆም ልቡ።
እኔ ቁጥር አትማለሁ፣ አምስት ብር ለአንድ ገጽ፤
አስለቃሹንም አስፈንዳቂውንም ማሽኑ ያትማል በአንድ ድምፅ።

ትናንት ወደ ማታ ለሊሴ ገመቹ መጣች፣
ጃንጥላ ደጅ አራግፋ፣ አባቷን አስቀድማ ገባች።
አምስት መቶ አሥራ አንድ። ከስድስት መቶ።
አባቷ አነበበው፣ ጣቱን ቁጥሩ ላይ ጎትቶ።
ከዚያ ትምህርት ቤት ማንም አልደረሰበት፣
የፊዚክስ መምህሩ ከጥር ወዲህ ከጠፋበት።

«ይኼ ሐኪም ያደርጋል?» አለኝ።
ምን ልበለው?
«አይታወቅም» አልኩት፣ «ነጥቡ አልተቆረጠም ገና፤
የአመልካቹን ብዛት ያዩና፣ ያለውን ወንበር ያዩና
ከላይ ወደ ታች ቆጥረው
አንድ ቦታ ያሰምራሉ።
ከመስመሩ በላይ ያሉት ሐኪም፣
ከመስመሩ በታች ያሉት፣ እንግዲህ፣ የደረሳቸውን ይሆናሉ።»

ሳቀ፤ ጥርሱ ግን አልታየም።
«በፊትም መጥተው ነበር» አለ፣ «ሜትር ይዘው፣ ካስማ ይዘው፣
ከዚህ ወዲያ ያንተ፣ ከዚህ ወዲህ የልማት ብለው፣ ኖራ አፍስሰው።
ይኼ ማሽን የቆመበት
በኅዳር የሽምብራ እሸት ነበረበት።
በካሬ ተመን አወጡልኝ። ለማን ይግባኝ እላለሁ?
የገዛ ማሳዬን ዛሬ በወር ደሞዝ እጠብቃለሁ።
የልጄንም ነጥብ የሚቆርጡት
እነዚያው ናቸው ወይ? ሜትሩስ ያው ነው?»
ለሊሴ «አባ፣ ተው» አለችው።

ፎርሙን ከፈትኩላት። ምርጫ አንድ፦ ሕክምና።
«ሁለተኛውንም እሱን» አለ፣ «ሦስተኛውንም ድገሚና።»
«ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ሁለቴ አይቀበልም» ብለው፣
«ሰው አንድ ልብ ነው ያለው» አለ፣ «ኮምፒውተሩ ስንት አለው?»

መብራት ጠፋ።
«ላክ» የሚለውን ልጫን ስል፣ ጣቴ አየር ላይ ቀረ፤
ሦስታችን ጨለማ ውስጥ፤ ዝናቡ ብቻ ተናገረ።
ከዚያ ለሊሴ፣ ቀስ ብላ፦
«ክረምቱን ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሎ ስሸጥ ከርሜ
በየቀኑ የምሰማው አንድ ቃል ነው፦ ሐኪም የለም።
ታዲያ ልሁን ስል ደግሞ፣ ወንበር የለም።
እነዚህን ሁለት የለሞች
የሚያስተዋውቅ ሰው የለም?»

መልስ አልነበረኝም።
አልነገርኳትም እንጂ፣ መሳቢያዬ ውስጥ
አሥራ አራት ዓመት የከረመ፣
ሦስት ነጥብ የጎደለው ወረቀት አለ በስሜ የታተመ።
ስታትስቲክስ መደቡኝ። አማካይ ምን እንደሆነ፣
ሰው ከመስመር ሥር ሲቀር ስሙ ወዴት እንደበነነ፣
በዲግሪ ነው የማውቀው።

መብራት መጣ። ላኩት።
«ስንት ነው?» «ሠላሳ።» ከኮቱ ኪስ ያወጣቸውን
የታጠፉ ብሮች ዘርግቶ አንድ በአንድ ቆጠራቸው፣
ከካሳው የተረፉ ይመስል ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።
ልቀንስለት አሰብኩ። አልቀነስኩም።
እንዲህ ያለ ሰው፣ ቅናሽ ያስቀይመዋል።

ከሄዱ በኋላ፣ ነገ የምትወስደውን
ጉርድ ፎቶዋን ልከረክም የመቁረጫውን ክንድ አነሳሁ፤
እጄ ዘለለ መሰለኝ፣ ግራ ጆሮዋን ነካሁ።
ነገ የሰው ልብ ሊያዳምጥ የታጨ ጆሮ፣
በሚሊ ሜትር ጎደለ፣ ከስለቴ ሥር ተሰውሮ።

ጣልኩት። በራሴ ወረቀት
ደግሜ አተምኩት፣
ኅዳጉን ሰፋ አድርጌ።